ሙቀጫው ዝም ያለ ዕለት

በርበሬ በረንዳ ጀርባ ባለው ቅያስ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት የሰቀለ ቤት የለም። ምን ያደርግለታል? ጎህ ከመቅደዱ በፊት እትዬ ሸዋርካብሽ ዘነዘናቸውን አንስተው ሙቀጫው ላይ ሲጥሉት መሬቱ አንድ ጊዜ ይነጥራል። ከዚያ በኋላ ተኝቶ የቀረ ሰው ካለ ወይ ሰክሯል፣ ወይ ትናንት ማታ ከክፍለ ሀገር የገባ እንግዳ ነው። የሰፈሩ አውራ ዶሮዎች እንኳን ተራቸውን ጠብቀው ከእሳቸው በኋላ ነው የሚጮኹት። አንዱ ቀድሟቸው ጮኾ በማግስቱ ወጥ ሆኖ ተገኘ ይባላል። ወጡን የበሉት ሰዎች ግን አጋጣሚ ነው ብለው ይምላሉ።

መርካቶ ውስጥ ወፍጮ ቤት ጠፍቶ አይደለም። እትዬ ሸዋርካብሽ ግን በሞተር አያምኑም። "ኮረሪማ በእጅ ካልተወቀጠ ሽታውን ወፍጮው ይበላዋል፤ ለአንቺ የሚተርፍሽ ዱቄቱ ነው" ይላሉ ደንበኞቻቸውን። ስድሳ ዓመት አልፏቸው እንኳ ቀኝ ክንዳቸው የሁለት ወዛደር ክንድ ያህላል። መሳለሚያ ላይ ሲሻገሩ ክንዳቸው የገጨው ሚኒባስ ጋራዥ ገባ የሚባለው ግን ማጋነን ነው። የረገፈው መስተዋቱ ብቻ ነው።

ግቢው የእሳቸው አይደለም። የሙናዊር ነው። ሙናዊር እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ ጆሃንስበርግ ሄዶ ሱቅ ከፈተ። እናቱ በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ እትዬ ሸዋርካብሽ ጓሮ ካለችው ሰርቪስ ቤት ይኖራሉ፤ ሴትዮዋ ከማረፋቸው በፊት የትልቁን ቤት ቁልፍ በገዛ እጃቸው የእትዬ መቀነት ጫፍ ላይ ቋጠሩት። "ሙናዊር ራሱ መጥቶ ካልተቀበለሽ ለማንም እንዳትሰጪ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ተዘግቶ ኖረ። እትዬ በየሳምንቱ መስኮቱን ይከፍታሉ፣ አቧራውን ያራግፋሉ፣ አይጦቹን በየስማቸው እየጠሩ ያስወጣሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ከአንበሳ ፀጉር በቀር ምንም ያልጎደለው ወጣት በሩ ላይ ቆመ። ሱፍ ለብሷል፤ የጫማው ሹል ጫፍ ከእሱ አንድ እርምጃ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። እኛ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን ጫማው ሲገባ አይተን፣ ቆይቶ ሰውየው ሲከተለው አየን።

"እንደምን አደሩ እናቴ። ስንታየሁ እባላለሁ። ፕሮፐርቲ ማኔጀር ነኝ።"

"ምን?"

"የንብረት አስተዳዳሪ። ሙናዊር ነው የቀጠረኝ። ቤቱን ላከራይለት ነው።"

ሙናዊር ስልኩ ላይ ማስታወቂያ አይቶ ነበር አሉ። "ቤትዎን እኛ እንጠብቅልዎ፤ እርስዎ ኪራይዎን ይጠብቁ" የሚል። ቢሮው ቦሌ፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የፕላስቲክ አበባ። አበባውን የሚያጠጣ ሠራተኛም ነበራቸው።

"አንተ አስተዳዳሪ ከሆንክ እኔ ምንድን ነኝ?" አሉ እትዬ።

ስንታየሁ ስልኩን ከፈት አድርጎ አየ። "እርስዎ... ነዋሪ ነዎት።"

"ነዋሪማ ነኝ። የሞትኩ መሰለህ?"

"አይ፣ እግዜር ይጠብቅዎ። ግን ተከራይ አግኝቻለሁ፤ ሰውየው ግቢውን ሙሉ ነው የሚፈልገው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሰርቪሷም ትለቀቃለች።"

"ማን ነው የሚለቃት?"

"እርስዎ።"

"አልለቅም።"

"እናቴ፣ ውሉ እኮ..."

"አልለቅም አልኩህ! ቁልፉንም ከፈለግህ ይኸው" አሉና መቀነታቸውን መታ መታ አደረጉት። "ወንድ ከሆንክ ና ፍታው።"

ሻይ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ሻዩ ትን አለው። የስንታየሁ ጆሮ ከእትዬ በርበሬ ቀላ። ሌላ መላ ሲያጣ ሙናዊር ዘንድ ደወለና ስልኩን ለሁላችን እንዲሰማ አድርጎ ዘረጋላቸው። ሙናዊር በእሳቸው እጅ ያደገ ስለሆነ አንቺ ይላቸዋል።

"እትዬ፣ ምን መሰለሽ፣ ቤት ባዶውን ሲቀመጥ ይፈርሳል። ስንታየሁ ለአንቺም ጥሩ ክፍል ይፈልግልሻል።"

"የት?"

"ቱሉ ዲምቱ" አለ ስንታየሁ፣ መልካም ዜና እንደሚያበስር ሰው።

"ቱሉ ዲምቱ! እዚያ ማን ነው ቅመም የሚገዛኝ? ጅብ?"

"እትዬ..."

"ሙናዊር፣ አንተን ያጠብኩበት ሳፋ እዚችው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። እሱንም ቱሉ ዲምቱ ልስደደው? ወይስ ተከራዩ ይታጠብበት?"

ሙናዊር "አይሰማም... ይቆራረጣል..." አለ። ኔትወርክም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ በተፈለገበት ሰዓት ተቋረጠ።

ስንታየሁ ክፉ ልጅ አልነበረም። ሊሄድ ተነስቶ ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ እናቴ፣ የመልቀቁን ነገር ኋላ እንነጋገራለን። አንድ ነገር ብቻ ይተባበሩኝ። ሐሙስ ጠዋት ተከራዩ ሊያይ ይመጣል። ግቢው ጸጥታ የሰፈነበት ነው ብዬዋለሁ።"

"የት ያለው ግቢ?"

"ይሄው።"

"መርካቶ?"

"እና ያ... ዱም ዱም የሚለው ነገር..."

"ሙቀጫዬ?"

"ለሐሙስ ብቻ። በርዎን ዘግተው ጭጭ ይበሉ። እኔ መጥቼ እስክነግርዎ ቢጠሩም እንዳይመልሱ፤ ሰው እንደሌለ ይሁን።"

እትዬ ሸዋርካብሽ ከጫማው ሹል ጫፍ እስከ ፀጉሩ አዩት። ከዚያ "እሺ" አሉ።

ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ከሰው እጅ አመለጠ። እትዬ እሺ ሲሉ የሰማ ሰው በቅያሱ ውስጥ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹም ከአያቶቻቸው አልሰሙም። ስንታየሁ ብቻ ደስ ብሎት ሄደ። እኛ ግን ያን ቀን ሻያችንን ሳንጨርስ ተነሳን፤ ሰማዩ ጠቁሮ ከመብረቁ በፊት ያለች ዝምታ ታውቁ የለ? እሷ ነበረች።

ሐሙስ ደረሰ። ጎህ ሊቀድ ሆነ፣ ሙቀጫው ዝም። ጎህ ቀደደ፣ ዝም። አውራ ዶሮዎቹ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ፤ የሚቀድማቸው ሲጠፋ በአፍረት ወደ ቆጣቸው ተመለሱ። በየቤቱ ሰው ተኝቶ ቀረ። አትክልት ተራ የቲማቲም መኪናዎች ተደርድረው የሚያራግፍ ጠፋ፤ ቲማቲሙ ጠብቆ ጠብቆ በራሱ ሊወርድ ነበር ያሉም አሉ።

ከእነዚያ አውራጆች አንዱ ጥጋቡ ነው። ጥጋቡ ከእትዬ አጥር ጥግ ካለችው በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው፤ በመጀመሪያው ዱምታ ይነሳል፣ በሁለተኛው ሸራውን ይጠቀልላል፣ በሦስተኛው አትክልት ተራ ነው። ያን ቀን ግን የቀሰቀሰው ዓይኑ ውስጥ የገባ ፀሐይ ነበር። ብድግ ብሎ የእትዬን አጥር ደበደበ።

"እትዬ! እትዬ ሸዋ!"

መልስ የለም። አጥሩን ዘሎ መቀርቀሪያውን ከፈተና የሰርቪሷን በር አንኳኳ። ከውስጥ ተቆልፏል። በቁልፍ ቀዳዳው አንድ ዓይኑን አስገባ። ያየው ነገር አልጋ ላይ የተዘረጋ እግር ነው። ጥጋቡ ከአጥሩ ውጭ ሲደርስ ቀድሞ የደረሰው ጩኸቱ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኢስሀቅ ናቸው፤ በሕግ የሚሠሩ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይዙ የማያስነጥሱ ሰው። ጥጋቡን አረጋግተው መረመሩት።

"እስትንፋሷን ሰምተሃል?"

"አልሰማሁም ጋሼ። እግራቸውን ነው ያየሁት።"

"እንዴት ነው እግሯ?"

"ተዘርግቷል።"

"በጠዋት? የሸዋርካብሽ እግር?" ጋሽ ኢስሀቅ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። "በቃ። አለቀ።"

ጡሩንባው ተነፋ። የኛ እድር ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ጋር እኩል የሚያለቅስ ነው፤ ጡሩንባውን ሰምቶ የቀረ ደግሞ ቅጣት አለበት፤ ስለዚህ ቅያሱ በአንድ ጊዜ ወጣ። ሱቅ ተዘጋ፣ ሚስማር ሻጩ ሚስማሩን፣ ጫማ ጠራጊው ሳጥኑን ይዞ መጣ። ድንኳኑ ተተከለ። ንፍሮ ተጣደ። የለቅሶ ልብሷን ያላገኘች የጎረቤቷን ለብሳ፣ ጎረቤቷ የሌላዋን ለብሳ፣ የመጨረሻዋ መጋረጃ አዘቅዝቃ ደረሰች።

"በሩን እንስበረው" አለ ጥጋቡ።

"በር የባለቤቱ ነው" አሉ ጋሽ ኢስሀቅ። "ንብረቱ አስተዳዳሪ አለው ተብሏል አይደል? እንግዲያው መጥቶ ያስተዳድር። እስከዚያ ለልጁ እንደውልለት።" ደወሉና ለሙናዊር መርዶውን ነገሩት። እኛ ከሩቅ እንኳን ዋይታውን ሰማነው።

እትዬ ሸዋርካብሽ በዚህ ሁሉ ጊዜ አልጋቸው ላይ ተጋድመው ነበር። ኋላ ለምን አልወጡም ስንላቸው "ጭጭ በይ ተብዬ የለ? ታዛዥ አይደለሽም ይሉኝ አልነበር? ይኸው ታዘዝኩ" አሉን። እውነቱን ለመናገር ግን አልጋ ላይ ያቆያቸው መታዘዝ ብቻ አልነበረም። ፋናዬም ነበረች።

ፋናዬ ሌላዋ የቅያሱ ባልትና ሻጭ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ጠብ ከድንበር ጠብ የከፋ ነው፤ የእትዬን በርበሬ ሊገዛ የሚሄድ ሰው በፋናዬ ደጅ ካለፈ "አሸዋ ለመብላት ነው የምትሄደው?" ትለዋለች። ያን ዕለት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ከሁሉ ቀድማ ድንኳን ገባች።

"ወየው እህቴ! ወየው የኔ ባለሙያ! እንደ አንቺ ማን ቀመመ! አሸዋ አለበት ያልኩሽ በቅናቴ ነው፤ እኔ ራሴ በስውር እያስገዛሁ እበላው ነበር!"

እትዬ ከውስጥ ይቺን ሲሰሙ፣ "ለዚህስ ትንሽ ልቆይ" ብለው ትራሳቸውን አስተካከሉ።

ስንታየሁ ተከራዩን ይዞ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ተከራዩ አቶ ባህረዲን ብርድ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ቃል የማያባክኑ ነጋዴ ናቸው። ስንታየሁ በመንገድ ሁሉ "ጸጥታው ይገርምዎታል" እያለ ነበር የመጣው። በሩን ሲገፋ ድንኳን፣ ሁለት መቶ ሰውና አንድ በርሜል ንፍሮ ጠበቀው። የጫማው ሹል ጫፍ ወደ ላይ ታጠፈ።

አቶ ባህረዲን ግን ድንኳን አይተው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ምንም ሳይጠይቁ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ንፍሮ ሲቀርብላቸው ዘገኑ። ቆይተው አጠገባቸው ያለውን ጥጋቡን "ማን ናቸው ያረፉት?" አሉት።

"እትዬ ሸዋርካብሽ።"

"ታመው ነበር?"

"ኧረ! ትናንት ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ ብቻቸውን ተሸክመዋል።"

"መቼ አረፉ?"

"ዛሬ ጠዋት። ሙቀጫቸው ዝም ሲል ነው ያወቅነው።"

"ጠዋት?" አቶ ባህረዲን ድንኳኑን፣ ሕዝቡን፣ በርሜሉን ተራ በተራ አዩ። "ይሄ ሁሉ ዛሬ ጠዋት የተነሳ ነው?"

በዚህ ጊዜ ጋሽ ኢስሀቅ ስንታየሁን ድንኳኑ መሃል ካለው ምሰሶ ስር አቁመውት ነበር።

"አስተዳዳሪው አንተ ነህ?"

"አ... አዎ።"

"በል በሩን ክፈትና አስከሬኗን እናንሳ።"

"ቁልፍ የለኝም።"

"ቁልፍ የሌለው አስተዳዳሪ? ታዲያ ምኑን ነው የምታስተዳድረው?"

ይህን ጊዜ ፋናዬ ለቅሶዋን ወደ ላይኛው እርከን አወጣችው። "ሙቀጫሽንስ ለማን ተውሽው እህቴ! የማያውቅበት ሰው እጅ ከሚገባ እኔው ወስጄ አስታምመዋለሁ! ዘነዘናሽንም ጭምር! ዛሬውኑ አስጭኜ..."

ዱም!

መሬቱ ነጠረ። ለቅሶው በሁለት መቶ ጉሮሮ ውስጥ ቆመ።

ዱም! ዱም!

ከዚያ የሆነውን እንደየእግሩ ፍጥነት ሁሉም ሰው በየራሱ ይተርከዋል። ጡሩንባ ነፊው መሳለሚያ ድረስ ሳይተነፍስ ሮጠ። ፋናዬ ንፍሮ ላይ ተቀመጠች። አንዱ በሩጫው የድንኳኑን ገመድ ሲነቅለው የድንኳኑ ግማሽ ተንዘርፍፎ በፕሮፐርቲ ማኔጀሩ ላይ ወደቀ፤ ከውጭ የቀረው ያ ሹል ጫማ ብቻ ነበር። ከአግዳሚው ያልተነሱት አቶ ባህረዲን ናቸው፤ ንፍሯቸውን ማኘክ እንኳን አላቆሙም።

የሰርቪሷ በር ተበርግዶ እትዬ ሸዋርካብሽ ዘነዘና በትከሻቸው ይዘው ወጡ።

"ማን ነው ሙቀጫዬን የሚወስደው?"

"ሞተሽ እኮ ነበር!" አለች ፋናዬ ከንፍሮው ላይ።

"ብሞትስ? ለአንቺ ይደርስሻል ያለሽ ማን ነው? ይልቅ ስለ አሸዋው ያልሽውን ድገሚው፤ ሁለት መቶ ምስክር አለኝ!"

"የለቅሶ ነገር በሕይወት አይጠየቅም" አለች ፋናዬ፣ ነጠላዋን እያራገፈች።

ስንታየሁ በድንኳኑ ጠርዝ በኩል አንገቱን አወጣ። "እናቴ፣ ምን አደረኩዎት?"

"እኔ ምን አደረኩህ? ዝም በይ አልክ፣ ዝም አልኩ። አትመልሺ አልክ፣ አልመለስኩም። ሰው እንደሌለ ይሁን አልክ፣ ይኸው አልነበርኩም! አሁን ደግሞ ስማኝ። ከዚች ክፍል በሕይወቴ አታስወጣኝም። በሞቴም ሞክረህ አይተኸዋል።"

አቶ ባህረዲን ያኔ ነው የተነሱት። እጃቸውን አራግፈው ለእትዬ እጅ ነሱ።

"እትዬ፣ እኔ ዕቃ የማስቀምጥበት ቤት ነው የምፈልገው። ዘበኛ ቀጥሬ ተዘርፌያለሁ። ካሜራ ሰቅዬ ካሜራውን ነው የሰረቁኝ። እዚህ ግን አንድ ሰው አንድ ጠዋት ስለተኛ ሰፈሩ በጡሩንባ ተነሳ። ቤቱን እወስደዋለሁ።" ወደ ስንታየሁ ዞሩ። "ግን ከነእትዬ።"

ስንታየሁ ከድንኳኑ ስር ሆኖ ፈገግ አለ። እኛም ጉዳዩ አለቀ ብለን አጨበጨብን። ያላጨበጨቡት እትዬ ናቸው።

"ከነእትዬ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ከነዕቃው የሚከራይ ቁም ሳጥን ነኝ?"

"አይ፣ ክፉ ማለቴ..."

"ዘበኛህ አልሆንም። አላርምህም አይደለሁም። ሙቀጫዬን የምወቅጠው ለብርድ ልብስህ ብዬ አይደለም። እኔ ጎረቤትህ ነኝ፤ ጎህ ሲቀድ ዱም የሚል ጎረቤት። ከጣመህ ግባ። ካልጣመህ መርካቶ ሰፊ ነው።"

ሰውየው ትንሽ አሰቡና በትከሻቸው ሙሉ ሳቁ። "ጣመኝ።"

"እንግዲያው ልጁ ይስማ" አሉና እትዬ ስልክ ተቀበሉ።

ጆሃንስበርግ ሙናዊር ሱቁን ዘግቶ፣ ጓደኞቹ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ዙሪያውን ተቀምጠው፣ ያስተዛዝኑት ነበር።

"ማን ልበል?" አለ በተዘጋ ድምፅ።

"ሟቿ ነኝ።"

ከዚያ በኩል ሳጥን ሲወድቅ ተሰማ።

"እትዬ?"

"ስማ። ቤትህ ተከራይቷል። ተከራዩ ደህና ሰው ነው፣ ድንኳን ሲወድቅ የማይሮጥ። ይሄን አስተዳዳሪህንም አታባርረው፤ ጫማው ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው፤ ዛሬ የተማረውን ቦሌ አይማረውም። ለተከራዩ አብሬው ሆኜ እከፍታለሁ፤ ቁልፉ ግን መቀነቴ ላይ ነው፤ ሙናዊር ራሱ ይምጣ ብላ የሄደችው እናትህ ናት። ክፍሌን ግን ዳግመኛ ቱሉ ዲምቱ ብትልክብኝ የሳፋውን ታሪክ ከነዝርዝሩ ለመርካቶ በሙሉ እናገራለሁ!"

"አይነካም እትዬ። ወላሂ ማንም አይነካብሽም።" ሙናዊር ይሳቅ ያልቅስ አልታወቀም። "ብቻ... አንዴ ውቀጪልኝና ልስማው።"

እትዬ ስልኩን ለጥጋቡ አስይዘው ሦስት ጊዜ ወቀጡ። የጆሃንስበርግ ለቀስተኞች ያጨበጨቡት ጭብጨባ በስልኩ በኩል መጥቶ ዶሮዎቹን አስነሳቸው፤ እነሱም በመጨረሻ ጮኹ።

ሕዝቡ ድንኳኑን ማጠፍ ጀመረ። ንፍሮው እንዳይበላሽ ተበላ። አንድ ሰው ብቻ ፊታቸው አልፈታ አለ፤ ጋሽ ኢስሀቅ። ጡሩንባውን ከመሳለሚያ አስመልሰው፣ በብብታቸው ሸጉጠው፣ እትዬ ፊት ቆሙ።

"ሸዋርካብሽ፣ እንኳን ተረፍሽ። ግን ደንብ ደንብ ነው። ለአንድ አባል አንድ ጡሩንባ፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ ንፍሮ። የአንቺ ዛሬ አልቋል።"

"እና?"

"እናማ ሌላ ጊዜ ብትሞቺ እድሩ አይነፋልሽም።"

እትዬ ሸዋርካብሽ ዘነዘናቸውን አነሱ።

"እንግዲያው አልሞትም" አሉ።

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ቃላቸውን አላጠፉም።